ኻልቲና ባስኩላው

ረመዳን አልቆ የኢድ ሶላት በተሰገደበት ጠዋት ኻልቲ ከሴቶቹ ረድፍ መጨረሻ፣ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር። እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ ወንበሩን ተሸክሜ ሜዳው ድረስ አድርሼላት መንገድ ዳር ቆሜ እጠብቃት ነበር። ሜዳው ሙሉ ሰው ባንድ ጊዜ ተደፍቶ ግንባሩን መሬት ሲያስነካ እሷ ቀና እንዳለች ቀረች። ጎንበስ ለማለት ሞከረች፤ ጉልበቷም ሆዷም እምቢ አሏት። ከእሷ ሌላ ወንበር ላይ የነበሩት ሁለት በጣም ያረጁ ሴቶች ብቻ ናቸው። ኻልቲ ግን ገና ሃምሳ ሁለት ዓመቷ ነው።

ወደ ቤት ተመለስን። በሩ ጋ ስንደርስ አረፋ ስንት ቀን እንደቀረው ጠየቀችኝ። በጣቴ ቆጥሬ ሰባ ቀን ገደማ አልኳት።

«በአረፋ ወንበር አትሸከምም» አለችኝ። «እኔ መሬት እሰግዳለሁ።»

እኔ ሴት ነኝ። ኻልቲ ግን አማርኛን የለመደችው ገበያ ውስጥ ነው፤ ቤቷ የሚነገረው የበርታ ቋንቋ ነውና ለወንድም ለሴትም «አንተ» ትላለች። ክፍል ልከራይ የመጣሁ ቀን «እርስዎ» ብያት ዞር ብላ ከኋላዋ ያለውን ፈለገች፣ ከዚያ ስንት ሰው ሆኜ ታየሁህ ብላ ሳቀችብኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ «አንቺ» እላታለሁ። «ኻልቲ» በዐረብኛ አክስቴ ማለት ነው፤ ግቢው ውስጥ ያለነው ተከራዮች ሁሉ የምንጠራት በዚሁ ነው። በዚያ ዓመት ሦስት ቤት ቀይሬ ነበር፤ የእሷ አራተኛዬ ነው። አንድ ቦታ መቀመጥ የማልችለውን ሰው እዚያ ያስቀመጠኝ ኪራዩ አይደለም፣ እሷን ማየት ነው።

ኻልቲ አሶሳ ገበያ ውስጥ ለውዝ ትሸጣለች። ቀኑን ሙሉ ማዳበሪያ ላይ ተቀምጣ በቲማቲም ድልህ ጣሳ እየሰፈረች ትውላለች። የእሷ ጣሳ ከአፉ በላይ ቁልል አለው፤ ሰው ሦስት ሻጭ አልፎ እሷ ጋ የሚመጣው ለዚያ ቁልል ነው። በወጣትነቷ ከመንደሯ አሶሳ ድረስ ሸክም ይዛ በእግሯ ትመላለስ ነበር። ጉልበቷ ከታመመ ወዲህ ግን መቀመጥ ብቻ ሆነ፤ መቀመጡ ክብደት አመጣ፣ ክብደቱ ደግሞ ጉልበቷን አባሰው።

ከኢድ በኋላ ጤና ጣቢያ ሄድን። ሐኪሙ ጉልበቷን ጫን ጫን አድርጎ አየና መርፌ ዛሬ አያስፈልግም አላት። እግሯን ዘርግታ የምትሠራውን እንቅስቃሴ አሳያትና አሥር ኪሎ ብትቀንስ ብዙ እንደሚቀላት ነገራት። ምን ልብላ ስትለው፣ ቀንሰሽ ብዪ ብሎ ቀጣዩን በሽተኛ ጠራ። የሚቀነሰው ከየትኛው እንደሆነ ሳይነገራት ወጣች። በመንገድ ላይ ቆም አለችና ቦርሳዬን በአገጯ እያመለከተች ስልኬን እንድጠይቅ አዘዘችኝ።

እኔ የምሠራው ገበያው አጠገብ ባለ የእህል መጋዘን ነው። ለውዝ፣ ሰሊጥና ማሽላ ከየገጠሩ እየመጣ በባስኩላ ይመዘናል፤ እኔ ኪሎውን እጽፋለሁ። በከተማው ሰው የሚመዘንበት ሚዛን ጤና ጣቢያ ውስጥ አለ፤ ግን ሰልፉ ረጅም ነው። ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት፣ ገበያው ሳይሞላ፣ ኻልቲን በእህሉ ባስኩላ እንድመዝናት ተስማማን።

የመጀመሪያው ቅዳሜ የመጋዘኑ ጫኞች በሙሉ ሥራ አቁመው ሊያዩ ቆሙ። አለቃቸው ከባምባሲ የመጣ፣ ሆዱ ከቀበቶው በላይ የሚፈስ ሰው ነው። ስንት ኩንታል ብለን እንያዝ አላት። አንዱ ደግሞ የጆንያው ይቀነስላት እንጂ፣ ይሄ ሁሉ ቶብ አብሮ ተመዘነ ብሎ ጮኸ። ቶብ የምትጠመጠመው ከራስ እስከ እግር የሚደርስ ልብስ ነው። እኔ አፈርኩላት። እሷ ባስኩላው ላይ እንደቆመች ወደ አለቃው ዞረች።

«ቶቡን ቀንስ» አለችው። «ከዚያ ያንተን ሆድ አምጣ፣ እሱንም እንመዝናለን።»

ሳቁ ወደ እሱ ዞረ። ዘጠና ሁለት ኪሎ ነበረች። እኔ ቁጥሩን በጆሮዋ ልነግራት ስጠጋ ጮክ ብዬ እንድናገር አደረገችኝ። እህል የሚያመጣ ሰው ኪሎው በሹክሹክታ ሲነገረው ይጠረጥራል፤ እሷም የራሷን ክብደት እንደዚያ ነበር የያዘችው።

ስለ ምግብ ያነበብኩት ሁሉ ከስልክ ነው። ካነበብኩት ውስጥ ልቤን የወሰደው አንድ አሳብ ነበር፤ ሰውነት የሚቆጥረው ካሎሪን፣ ማለትም ምግቡ የሚሰጠውን ጉልበት ነው፣ ከስኳር ይምጣ ከባቄላ ግድ የለውም የሚል። ግጥም ስለምጽፍ ይሁን አላውቅም፣ አጭርና የተቆረጠ ነገር ቶሎ ያሳምነኛል። ለቁመቷና ለዕድሜዋ የሚሆነውን ቁጥር አሰላሁ፤ በቀን ሺህ አምስት መቶ። ስልኩ ገንፎን በደንብ አያውቅም፣ የባሚያ ወጥንም አያውቅም፤ እሱን በግምት ሞላሁት። ከዚያ ከቁጥሩ እስካልዘለልሽ ድረስ ያሻሽን ብዪ አልኳት። ሻይ በስኳርም ይሆን እንደሆነ ጠየቀች። ይሆናል አልኳት። ቦምቦሊኖም? እሱም ይሆናል። ዕቃውን ያለ ልክ ያረከሰ ነጋዴ እንደሚታይ አድርጋ አየችኝ።

ያም ሆኖ የነገርኳትን አደረገች። ገበያ ውስጥ ከጎኗ ሻይ የምታፈላ ሴት አለች፤ ለተቀመጠ ሰው የሚቀርበው ምግብ ያ ነው። ጠዋት ሻይ በሦስት ማንኪያ ስኳርና አንድ ቦምቦሊኖ፣ ረፋድ ላይ ሻይና ብስኩት፣ ከዙሁር ሶላት በኋላም እንደዚሁ፣ ማታ ከገንፎው አንድ ጭልፋ። ሁሉንም እየነገረችኝ እደምራለሁ። ከቁጥሩ አንድም ቀን አላለፈችም። በሁለተኛው ቅዳሜ ባስኩላው ዘጠና ተኩል አለ። ጫኞቹ አጨበጨቡ፣ እኔም ቁጥሩን ያገኘሁት ይመስል ደረቴን ነፋሁ።

እሷ ግን ደስ አላላትም። በዚያው ቀን ከሰዓት ለአንዲት ደንበኛዋ ለውዝ ስትሰፍር አጠገባቸው ነበርኩ። ኻልቲ ጣሳውን ሞላችና በመዳፏ ጠርጋ አስተካከለችው። ቁልሉ የለም። ደንበኛዋ ጣሳውን አየች፣ ኻልቲን አየች፣ ዛሬ እጅሽ ምን ሆነ አለቻት። ኻልቲም ጣሳውን አየች። እኔን ያስደነገጠኝ፣ እጇ ያደረገውን እሷ ራሷ ያየችው ከሴትዮዋ በኋላ መሆኑ ነው። ማታ እግሯን ዘርግታ እንቅስቃሴዋን እየሠራች ነገረችኝ። አራት ሰዓት ላይ ሻዩን ትጠጣለች፣ አምስት ሰዓት ሳይሞላ ይርባታል። ሲርባት ዓይኗ የሰው እጅ ላይ ይቀራል፣ እጇ ይሰስታል። ሃያ ዓመት ሙሉ ቁልል ስትሰፍር ኖራ ባንድ ቅዳሜ ጣሳ መጥረግ ጀመረች። እኔ ቁጥሩ ልክ ስለሆነ ትንሽ ታገሺ አልኳት።

ሦስተኛው ሳምንት ላይ ማንጎ በሰለ። ቅዳሜ ባስኩላው ዘጠና አንድ ተኩል አለ። አንድ ኪሎ ተመልሶ መጣ ማለት ነው። ያልነገርሽኝ ነገር በልተሻል አልኳት፤ ወላሂ አልበላሁም አለች። አመንኳት ብልም ልቤ አላመነም። የዘመድ ቤት ሄዳ ይሆን፣ ሸርቆሌ የሚኖሩት ልጆቿ ሲመጡ ያመጡት ነገር ይኖር ይሆን እያልኩ ደመርኩ፣ ቀነስኩ።

ሰኞ ማታ በሬን አንኳኳችና አንድ ፌስታል ሰጠችኝ። ከፍቼ ሳይ የማንጎ ፍሬ ነው፤ የተበላ፣ የተላሰ፣ ፀጉሩ ብቻ የቀረ። አሥራ አንድ ነበር።

«የሁለት ቀን ነው» አለችኝ። «እኔ አፍ ማርጠቢያ ነው አልኩ። አሥራ አንድ ጊዜ አረጠብኩ።»

አሶሳ ያላደገ ሰው ይህን ላይረዳው ይችላል። እዚህ ማንጎ በየግቢው ነው። ከዛፉ በራሱ ይወድቃል፣ ፍየልም ይበላዋል። ቤትህ መጥቶ ስምንት ማንጎ የበላ እንግዳ ምግብ ቀርቦልሃል ወይ ሲባል ኧረ ምንም አልቀመስኩም ይላል፣ መዋሸቱም አይደለም። ማንጎ እንደ ጥላ፣ እንደ ውሃ ያለ ነገር ነው። ያን ያህል ስደምር የከረምኩት እኔም ማንጎ በልተሽ ነበር ወይ ብዬ አንድም ቀን አልጠየቅኳትም፤ እኔ ራሴ በዚያው ሳምንት ስንት እንደበላሁ አላውቅም። ፍሬዎቹን የሰበሰበችው ማንም ሳያዛት ነው። ለውዝ ሻጭ ናትና፣ ምን ያህል እንደወጣ ለማወቅ ገለባውን ማየት ልማዷ ነው። ብትጥላቸው ማንም አያውቅባትም ነበር። እኔ ግን እንደዚያ ያለ ታማኝነት በብዙ ሰው ላይ አላየሁም፤ በራሴ ላይ ደግሞ ጭራሽ።

ደስ ብሎኝ ዘለልኩ። ምስጢሩ ተገኘ፣ ቁጥሩ አልዋሸም፣ ማንጎውን እንደምርና ይስተካከላል አልኳት። ሳቀችብኝ። ነገ ውሃ ስትቀዳ አብሬያት እንድሄድ ነገረችኝ።

የበርታ ሴቶች ሸክም የሚይዙት በዘንግ ነው። ዘንጉ ትከሻ ላይ ይጋደማል፣ ሸክሙ ከፊትና ከኋላ ይንጠለጠላል፣ ሁለቱ ወገን ሲመጣጠን ይሄዳሉ። የእኔ ወላጆች ከወሎ በሰፈራ የመጡ ናቸው፣ እናቴም እህቶቼም ሸክም የሚያዝሉት በጀርባ ነው፤ ዘንግ ይዤ አላውቅም። በማግስቱ ጠዋት ቦኖው ጋ ስንደርስ ኻልቲ ከቤት ያመጣችውን ማሽላ በከረጢት አንድ ጫፍ ላይ አሰረች። በሌላው ጫፍ አፉ ሰፊ ባልዲ አንጠልጥላ ዘንጉ ቀጥ እስኪል ውሃ ጨመረች። ከዚያ ትከሻዬ ላይ ጫነችውና ወደ ቤት እንድሄድ አዘዘችኝ።

አሥር እርምጃ አልሄድኩም። ውሃው ከፊቴ ይማታል፣ በተማታ ቁጥር ዘንጉን ይጎትታል፣ እኔም አብሬ እጎተታለሁ። ቀሚሴ ራሰ። ቦኖው ላይ የነበሩት ሴቶች በሳቅ ሞቱ። ከኋላዬ ያለው ማሽላ ግን ዝም ብሎ ተንጠልጥሏል፣ መኖሩንም ረስቼው ነበር። ኻልቲ እያነከሰች ደረሰችብኝ።

«እኩል ነው አላልክም?» አለችኝ። «እኩል ነው፤ አየሁ። ታዲያ አንዱ ለምን ይጥልሃል?»

ባልዲውን ከዘንጉ ፈታች፣ ውሃውን ይዛው በመጣችው ጀሪካን ገልብጣ የፈሰሰውን ያህል ጨመረችበት፣ ክዳኑን አጥብቃ ዘጋችና መልሳ አሰረችው። አሁን ቤት ድረስ ሄድኩ፤ ትከሻዬ ቢቃጠልም አልወደቅኩም። በመንገድ ላይ፣ ከኋላዬ እያነከሰች፣ አሳቧን በአጭር በአጭሩ አስረዳችኝ። የእኔን ቁጥር አልጣለችውም። ቁጥሩ የሸክሙ ክብደት ነው፣ ባስኩላው ያንን ያያል። እሷ ግን ሸክሙን ይዛ እስከ አረፋ መሄድ አለባት። ስኳሩና ቦምቦሊኖው እንደ ባልዲው ውሃ በየሰዓቱ እየተማታ በረሃብ ይጥላታል። እኔ ስልክ ይዤ ሦስት ሳምንት ሙሉ ያላየሁትን እሷ በአንድ ባልዲ አሳየችኝ።

ከዚያ በኋላ ምግቡን ራሷ ወሰነች፣ እኔ ደማሪ ብቻ ሆንኩ። ጠዋት ወፈር ያለ የማሽላ ገንፎ፣ በባሚያ ወጥ፣ በትንሽ ሳህን። ቀን የተቀቀለ ቦሎቄ ቋጥራ ገበያ ትወርዳለች። ማታ የደረቀ ዓሣ ወጥ ከጥቂት ገንፎ ጋር። ማንጎ በቀን ሁለት፣ ፍሬው እየተቀመጠ። ሻይ ያለ ስኳር፤ ከሁሉም ይበልጥ የተሰቃየችው በዚህ ነው፣ የመጀመሪያዎቹን ቀናት እንደ መድኃኒት ፊቷን አጨማዳ ነበር የምትውጠው። የለውዙ ነገር ግን አስጨነቀኝ። ቀኑን ሙሉ ለውዝ መሃል የምትውል ሴት ናት፣ አንድ እፍኝ ለውዝ ደግሞ ስንት ቁጥር እንደሚይዝ ሳሰላው ደንግጫለሁ። ይቅርብሽ አልኳት። አልቀረም፤ የተፈለፈለውን ብቻ ተወችና ከነቅርፊቱ ያለውን እየፈለፈለች ትበላ ጀመር። የተፈለፈለው ሳታውቀው ከእጇ አፏ ይገባል፤ ቅርፊት ያለውን ግን አንድ በአንድ ስትሰብር ታውቀዋለች፣ ጣቷም ይደክማል። ያን የሚመስል ምክር ስልኬ ውስጥ አላገኘሁም ነበር።

እኔ ስደምረው ቁጥሩ ከቦምቦሊኖው ጊዜ ጋር ያው ነው፣ ትንሽ ከፍ ዝቅ ቢል ነው። ባስኩላውም ቢሆን ልዩነቱን እምብዛም አላየውም፤ በሳምንት ግማሽ ኪሎ፣ አንዳንዴ አንድ ኪሎ ይቀንሳል። ስለዚህ ስልኬ ውሸታም ነበር ለማለት አልችልም። ነገር ግን ጣሳው ላይ ቁልሉ ተመለሰ። ደንበኞቿ ለምን እንደጠፋም ለምን እንደተመለሰም አያውቁም፤ እኔ በየቀኑ ከመጋዘኑ በር ላይ ሆኜ አየው ነበር።

ዝናቡ በጀመረበት ሳምንት ባስኩላው ምንም አልቀነሰም። አረፋ ሊደርስ ነው፤ እኔ ተጨንቄ የማታውን ገንፎ እናስቀር አልኳት። እሷ ወደተደረደረው እህል በአገጯ አመለከተችኝ። በዚህ እርጥበት ጆንያውስ ስንት ኪሎ ውሃ ጠጥቶ ይመዘናል፣ እህሉ ጨመረ ብለህ ትጽፋለህ ወይ አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ሥራዬ ሆኖ ሳለ ሰውም እንደ እህሉ ውሃ ይዞ እንደሚመዘን አላሰብኩትም ነበር። ገንፎው አልተነካም። በሚቀጥለው ቅዳሜ አንድ ኪሎ ተኩል ባንዴ ወረደ።

ጫኞቹም ቀስ በቀስ ቀልዱን ተዉት። አንድ ቅዳሜ እሷ ተመዝና ከሄደች በኋላ አለቃው ዙሪያውን አይቶ ባስኩላው ላይ ወጣ። ስንት ነኝ አለኝ ቀስ ብሎ። ነገርኩት። ማንጎ ይቆጠራል እንዴ ብሎ ጠየቀኝ። ይቆጠራል አልኩት። ፊቱ ላይ ያየሁት ሐዘን እውነተኛ ሐዘን ነበር።

በእነዚያ ቀናት ስለ እሷ ግጥም ጻፍኩና አነበብኩላት። ጭንቅላቷን እየነቀነቀች ሰማች። ጥሩ ነው፣ ግን ኪሎውን አውጣው አለችኝ፤ ነገ ይለወጣል። አወጣሁት። ግጥሙ ያለ ቁጥሩ ይሻላል።

የአረፋ ዋዜማ ሰማንያ ስድስት ተኩል ነበረች። ሐኪሙ ካለው አሥር ኪሎ አራት ተኩል ይቀራል። ጉልበቷ እንደ ድሮው አይደለም፤ ከአልጋ ስትነሳ ግን ግድግዳ መያዝ ትታለች። ከክብደቱ ይሁን ከእንቅስቃሴው ወይስ ከሁለቱም፣ እኔ አልለየውም። ቤት ውስጥ መስገጃዋ ላይ ሞክራ እንደሆነ ስጠይቃት አልሞከርኩም አለችኝ። ለሜዳው አስቀምጫለሁ አለች። ይህ አስፈራኝ። ጠዋት ስንወጣ ለማንኛውም ብዬ ወንበሩን አነሳሁ። ከእጄ ወሰደችው፣ ወደ ቤት መለሰችው፣ በሩን ቆለፈችው።

ሌሊቱን ዘንቦ ነበር። ሴቶቹ በጭቃው ላይ ላስቲክ አንጥፈው መስገጃቸውን ከላይ ዘርግተዋል። ኻልቲ ከመካከል ገባች፣ ከጠርዝ አልሆነችም፤ ብትወድቅ ሁሉም የሚያይባት ቦታ ነው። እኔ መንገድ ዳር ቆምኩ። ኢማሙ «አላሁ አክበር» ብሎ ተክቢራውን ሲል ሜዳው ሁሉ ወረደ። ዓይኔን በጀርባዎቹ ላይ አሻገርኩ፣ ቀና ያለ ሰው ፈለግኩ። አልነበረም። የትኛው ጀርባ የእሷ እንደሆነ መለየት አልቻልኩም፤ እንደዚያ ያለ ደስታ ደግሞ አላውቅም።

ሌሎቹ ሲነሱ ግን ለየኋት። እሷ ብቻ መሬት ላይ ቀረች። አጠገቧ ያለችው ሴት ልትደግፋት እጇን ላከች፤ ኻልቲ አልያዘችውም። ሁለት መዳፏን ላስቲኩ ላይ ተክላ፣ አንድ ጉልበቷን አስቀድማ፣ ሁሉም ቆሞ ኢማሙ ማንበብ ከጀመረ በኋላ ተነሳች። በሁለተኛው ረከዓ፣ በሁለተኛው የስግደት ዙር፣ እንደገና ወረደች። ሶላቱ አልቆ ስትነሳ የሴትዮዋን እጅ ስትይዝ አየሁ።

ስትመጣ ግንባሯ ላይ ጭቃ ነበር፤ አልጠረገችውም። እንኳን አደረሰሽ አልኳት። ከእኔ ጋር መንገዱን ስትይዝ ትንሽ ተነፈሰች።

«ሁለተኛው ላይ የሰው እጅ ያዝኩ» አለችኝ። «የቀረው አራት ተኩል ነው እሱ። ቅዳሜ እንመዝናለን።»

እሺ አልኳት። ጥቂት እንደሄድን ዛሬ አረፋ ስለሆነ ሥጋ እንደምትበላ ነገረችኝ፣ ሁሉንም እንድቆጥረው፣ ቁጥሩን ግን ነገ እንድነግራት።